የወለቀ ጥርስ ቦታ ባዶ ሆኖ አይቆይም

የጥርስ ሕመም እንቅልፍ ነሥቶ የሚያሳድር ሕመም ስለሆነ፣ ጥርሱ በተነቀለ ማግስት የሚገኘው እፎይታ ለታማሚው የችግሩ ሁሉ ፍጻሜ መስሎ ይታየዋል፤ ውጋቱ ጠፍቷል፣ እብጠቱ ጎድሏል፣ ምግብም በሌላው ጉንጭ ማላመጥ ይቻላል፣ ስለዚህ ወደ ሐኪም የሚመልስ ምክንያት ያለ አይመስልም። በሕክምና ዐይን ሲታይ ግን ነቀላ የአንድ ችግር መደምደሚያና የሌላ ችግር መነሻ ነው። የመጀመሪያው ችግር በሕመም ራሱን ያሳውቅ ነበር፤ ሁለተኛው ግን ያለ ሕመም፣ ቀስ በቀስ፣ ለዓመታት የሚካሄድ በመሆኑ ባለቤቱ ሳያውቀው ሥር ይሰዳል።

በምሥራቅ ጎጃም ዞን የማቻከል ወረዳ መቀመጫ በሆነችው በአማኑኤልና በዙሪያዋ ባሉ የደጋ ቀበሌዎች፣ ከዚያም አልፎ በአብዛኛው የአገሪቱ ክፍል፣ ይህን ድምፅ የሌለው ጉዳት ይበልጥ የሚሸሽገው የአመጋገቡ ጠባይ ነው። እንጀራ ለስላሳ ነው፣ ሽሮና ክክ በደንብ የበሰሉ ናቸው፣ ፍትፍትና እርጎም ብዙ ማላመጥ አይጠይቁም፤ በመሆኑም ሁለትና ሦስት መንጋጋ ጥርስ ያጣ ሰው በማዕድ ላይ ከሌላው ሳይለይ ለዓመታት ሊኖር ይችላል። መጉደሉ የሚታወቀው ቆሎ ሲቆረጠም፣ ደረቅ ዳቦ ሲነከስ ወይም በበዓል ቀን ጥሬ ሥጋ ሲቀርብ ነው፤ እዚያ ላይም ብዙ ሰው ምግቡን ይተዋል እንጂ የጥርሱን ነገር አያነሣም።

ቋንቋው ራሱ ሁለት ዓይነት ክፍተቶችን አጥርቶ ይለያል። በተፈጥሮ በፊት ጥርሶች መካከል የሚገኘው ክፍተት «ፍንጭት» ተብሎ የውበት ምልክት ሲሆን፣ ጥርስ በመጥፋቱ የሚፈጠረው ክፍተት ግን ባለቤቱን «ጥርሰ ወላቃ» ያሰኘዋል። ድድ መነቀስ የውበት ልማድ ሆኖ በኖረበት የሰሜኑ ደጋ፣ ሰው ለአፉ ገጽታ የሚሰጠው ክብር ከጥንት የመጣ ነው። የወለቀ ጥርስ ጉዳት ግን ከመልክ ይልቅ በማይታየው በአጥንቱ ላይ ስለሚጀምር፣ ማብራሪያውም ከዚያ መነሣት ይኖርበታል።

ሥሩ ከተነቀለ በኋላ አጥንቱ ምን ይሆናል?

ጥርስ በመንጋጋ አጥንት ውስጥ እንደ ምስማር የተመታ ነገር አይደለም። ሥሩን ዙሪያውን ያቀፈው አጥንት በሙያው አጠራር አልቪዮላር አጥንት የሚባል ሲሆን፣ በሥሩና በአጥንቱ መካከል ደግሞ እጅግ ስስ የሆኑ ማሰሪያ ጅማቶች አሉ። ሰው ባላመጠ ቁጥር ጅማቶቹ በመጠኑ ይሳባሉ፣ ስበቱም ወደ አጥንቱ ይደርሳል፤ አጥንቱ የሚታደሰውና ጥንካሬውን የሚጠብቀው በዚህ የዕለት ተዕለት ሥራ ነው። ጥርሱ ሲነቀል ጅማቱም ሥራውም አብረው ይቀራሉ፤ ሥራ የሌለውን አጥንት ሰውነት ጠብቆ አያቆይምና አጥንቱ መሟሟት ይጀምራል፣ ልክ ዛፉ ከሥሩ የተነቀለበት የተዳፋት አፈር በየክረምቱ ጎርፍ እየታጠበ እንደሚሄድ ማለት ነው።

የዚህ መሟሟት ፍጥነት በጥናት ተለክቷል። እ.ኤ.አ. በ2003 የታተመ የዴንማርክ ተመራማሪዎች ጥናት፣ አንድ የኋላ ጥርስ በተነቀለ በ12 ወራት ውስጥ የአጥንቱ ስፋት ግማሽ ያህል እንደሚቀንስ፣ ከዚህም ቅናሽ ሁለት ሦስተኛው በመጀመሪያዎቹ ሦስት ወራት ውስጥ እንደሚከሠት አሳይቷል። ለጉዳዩ ትልቁ ቁም ነገር ይህ ነው፤ ጉዳቱ በየዓመቱ እኩል እየተከፈለ የሚሄድ ሳይሆን ከሁሉ በላይ የሚፈጥነው ታማሚው እፎይ ብሎ ስለ ጥርሱ ማሰብ በተወባቸው በእነዚያ ጥቂት ወራት ነው። ከዚያ በኋላ ፍጥነቱ ይቀንሳል እንጂ አይቆምም። እ.ኤ.አ. በ1972 የታተመና ጥርሳቸውን ሁሉ ያጡ ሰዎችን እስከ 25 ዓመት የተከታተለ ጥናት፣ መሟሟቱ ዕድሜ ልክ እንደሚቀጥልና በታችኛው መንጋጋ ከላይኛው በአራት እጥፍ ገደማ እንደሚብስ አስረድቷል።

አጥንቱ ሲጎድል ከላዩ ያረፈው ድድ ይሰምጣል፣ በድዱ የተደገፈው ከንፈርና ጉንጭም ወደ ውስጥ ይገባል። ጥርሳቸውን ያጡ አረጋውያን ፊት ላይ የሚታየውና በተለምዶ የእርጅና ብቻ ውጤት ተደርጎ የሚወሰደው የጉንጭ መጎድጎድና የአገጭ ወደ አፍንጫ መቅረብ፣ በአብዛኛው የአጥንት መሟሟት የሚያስከትለው ለውጥ ነው።

ጎረቤት ጥርሶች ስለምን ይዘማሉ?

ጥርሶች በረድፍ የሚቆሙት እርስ በርስ ተደጋግፈው ነው። ከአጥር አንድ እንጨት ሲወልቅ ግራና ቀኙ ወደ ክፍተቱ እንደሚዘም ሁሉ፣ ከወለቀው ጥርስ በስተኋላ ያለው ጥርስ ወደ ፊት ያዘነብላል፣ ከፊቱ ያለውም ወደ ኋላ ሊሸሽ ይችላል። የዘመመ ጥርስ ከጎረቤቱ ጋር የነበረው ንክኪ ስለሚላላ ምግብ በመካከሉ ይሰነቀራል፤ የተሰነቀረው ምግብ ለጥርስ መቦርቦርና ለድድ በሽታ በር ስለሚከፍት፣ አንድ ጥርስ ያጣ ሰው ከጥቂት ዓመታት በኋላ ሁለተኛውንና ሦስተኛውን ጥርስ ለማጣት የሚዳረገው ብዙ ጊዜ በዚህ መንገድ ነው።

ከትይዩው ያለው ጥርስ ደግሞ የራሱ ጉዞ አለው። የላይኛውና የታችኛው ጥርስ በሚገናኙበት ጊዜ አንዱ ሌላውን በቦታው ይገታዋል፤ ከታች ያለው ሲነቀል ግን ከላይ ያለው ገቺ በማጣቱ ከድዱ እየወጣ ወደ ክፍተቱ ይወርዳል። እ.ኤ.አ. በ2004 በእንግሊዝ የታተመ ጥናት ትይዩአቸውን ካጡ የኋላ ጥርሶች ውስጥ 83 በመቶ የሚሆኑት በተለያየ መጠን እንዲህ ወጥተው መገኘታቸውን መዝግቧል። ጥርሱ አብዝቶ ከወጣ ሥሩ ይገለጣል፣ ቀዝቃዛና ትኩስ ነገር ያመዋል፤ ከሁሉም በላይ ደግሞ ክፍተቱን ለመሙላት የሚያስፈልገውን ቁመት ይወስዳል። ከዓመታት በኋላ ጥርስ ለማስተከል የሚመጣ ሰው «ቦታ የለም» የሚል መልስ የሚያገኘው በዚህ ምክንያት ነው፤ አንድ ጥርስ ለመተካት የወጣውን ጥርስ መሞረድ፣ የዘመመውን በሽቦ ማቃናት፣ የጎደለውን አጥንት በቀዶ ሕክምና መሙላት ግድ ይሆናል፤ በጊዜው ቢሆን ቀላልና ርካሽ የነበረው ሥራም ረጅምና ውድ ይሆናል።

መብላትና መናገር

አዋቂ ሰው 32 ጥርሶች ሲኖሩት፣ ከእነዚህ የፊቶቹ ይቆርጣሉ፣ ክራንቻዎቹ ይቦጭቃሉ፣ መንጋጋዎቹ ይፈጫሉ። መንጋጋዎች ሲጎድሉ ሰው ምግቡን ሳያደቅቅ ይውጣል፣ ወይም ጠንካራውን ትቶ ለስላሳውን ብቻ ይመርጣል፤ ቆሎና ጥሬ፣ ካሮትና ጎመን፣ ሥጋም ከማዕዱ ቀስ በቀስ ይወጣሉ፣ ከእነርሱም ጋር ሰውነት ከእነዚህ ያገኝ የነበረው ገንቢ ምግብና አሰር ይቀንሳል። በአንድ ወገን ብቻ የማላመጥ ልማድም በቀሩት ጥርሶች ላይ የማይገባቸውን ሸክም ይጭናል።

የንግግሩ ጉዳይም ቀላል አይደለም። በአማርኛ «ፈ» የሚነገረው የላይኛው የፊት ጥርስ የታችኛውን ከንፈር ሲነካ ነው፤ «ተ»፣ «ደ» እና «ጠ» ምላስ የላይኞቹን ጥርሶች ጀርባ ስትነካ ይወጣሉ፤ «ሰ»፣ «ዘ» እና «ጸ» ደግሞ አየር በጥርሶች መካከል በጠባቡ ሲያልፍ የሚሰሙ ድምፆች ናቸው። እንደ ዲማ ጊዮርጊስ፣ ዋሸራ፣ ጎንጅና ደብረ ኤልያስ ያሉ የቅኔ ቤቶች ባሉበት በጎጃም፣ ትምህርት ከመምህር ወደ ተማሪ በቃል በሚተላለፍበት አገር፣ የአንድ ፊደል ጥራት ከመምህሩ አፍ የሚሰማ እንጂ ከመጽሐፍ ብቻ የሚነበብ አይደለም። የፊት ጥርሱን ያጣ መምህር፣ ካህን ወይም ሽማግሌ በአደባባይ ከመናገር ሲቆጠብና ሲስቅ አፉን በእጁ ሲሸፍን፣ የሚጎዳው እርሱ ብቻ ሳይሆን ከእርሱ ይሰማ የነበረውም ነው።

የሕፃናት ጥርስና የገና ጨዋታ አደጋ

የወተት ጥርስ መውደቁ ስለማይቀር ቢነቀልም ምንም አይደለም የሚለው አስተሳሰብ የተሳሳተ ነው። 20ዎቹ የወተት ጥርሶች ከማላመጥ በተጨማሪ ከሥራቸው ለሚመጣው ቋሚ ጥርስ ቦታ ጠባቂዎች ናቸው። የመጀመሪያው ቋሚ መንጋጋ በ6 ዓመት ገደማ ከወተት ጥርሶቹ በስተኋላ ስለሚበቅል፣ ከፊቱ ያለው የወተት መንጋጋ ያለጊዜው ከተነቀለ ወደ ክፍተቱ ይንሸራተታል፤ በኋላ የሚመጣው ቋሚ ጥርስም ቦታ አጥቶ ተጣሞ ይበቅላል ወይም በአጥንት ውስጥ ተቀብሮ ይቀራል። ይህን ለመከላከል ሐኪሞች «ቦታ ጠባቂ» የሚባል ከሽቦ የሚሠራ መሣሪያ በክፍተቱ ላይ ያስራሉ። ከዚህ የባሰው ደግሞ ሕፃን ሲያተኩሰውና ሲያስቀምጠው «ግግ» ነው በሚል ያልበቀለ የጥርስ እንቡጥ ከድዱ ፈልቅቆ የማውጣት ጎጂ ልማድ ነው፤ ድርጊቱ ሕፃኑን ለደም መፍሰስና ለከባድ መመረዝ ከማጋለጡም በላይ የቋሚውን ክራንቻ እንቡጥ ሊያበላሽ ስለሚችል፣ ልጁ ዕድሜውን ሁሉ አብሮት የሚኖር ክፍተት ያተርፋል።

በደጋው አገር በገና ሰሞን ወጣቶች በቆልማማ ዱላ ሩር ሲመቱ፣ እንዲሁም በእግር ኳስ ሜዳና ከበቅሎ በመውደቅ የፊት ጥርስ ከነሥሩ ተነቅሎ መውደቁ የሚያጋጥም ነገር ነው። በዚህ ጊዜ ከሁሉ የተሻለው ተተኪ ያው የወደቀው ጥርስ ራሱ መሆኑን ማወቅ ያስፈልጋል። ጥርሱን ሥሩን ሳይነኩ ከሚታየው ነጭ ክፍል ይዞ ማንሣት፣ ከቆሸሸ ሳይፈትጉ በወተት አለቅልቆ ወዲያው ወደ ቦታው መመለስና ልጁን ንጹሕ ጨርቅ አስነክሶ ወደ ሐኪም መውሰድ ተገቢ ነው። ይህ ካልተቻለ ጥርሱን በወተት ውስጥ አድርጎ መሄድ ይገባል፤ ውኃ በሥሩ ላይ የቀሩትን ሕያው ሕዋሳት ስለሚጎዳ ለማቆያነት አይሆንም። በደረቅ ሁኔታ 60 ደቂቃ የቆየ ጥርስ ሕዋሳቱ ስለሚሞቱ የመዳን ተስፋው እጅግ ይመነምናል። ወተት በየቤቱ በሚገኝበት አገር ይህን አንድ ነገር ማወቅ ብቻ የብዙ ልጆችን የፊት ጥርስ ያተርፋል። የወተት ጥርስ ግን ከሥሩ ያለውን ቋሚ ጥርስ እንዳይጎዳ ተመልሶ አይተከልም።

መተኪያዎቹና ጊዜያቸው

የጠፋን ጥርስ የመተካት ሙከራ ረጅም ታሪክ አለው። ከክርስቶስ ልደት በፊት በጣሊያን ምድር የነበሩ ኤትሩስካውያን በወርቅ ቀበቶ ጥርስ ያስሩ ነበር። ዛሬ በኢትዮጵያም ሆነ በሌላው ዓለም የሚሠራባቸው መንገዶች በዋናነት ሦስት ናቸው።

የመጀመሪያው ተነቃይ ሰው ሠራሽ ጥርስ ወይም ዴንቸር ሲሆን፣ አክሪሊክ ከሚባል ፕላስቲክ መሰል ነገር ይሠራል፣ በድድና በቀሩት ጥርሶች ላይም ይደገፋል። ከሦስቱ በዋጋ አነስተኛው ይህ ሲሆን ብዙ ጥርሶችን በአንድ ጊዜ ይተካል፤ በሌላ በኩል ሙሉ ዴንቸር ያደረገ ሰው የመንከስ ኃይል ከተፈጥሮ ጥርስ አራተኛ እጅ የማይበልጥ መሆኑንና የአጥንቱን መሟሟት እንደማያስቆም ማወቅ ያስፈልጋል። ማታ ወልቆ፣ በብሩሽና በሳሙና ታጥቦ፣ በንጹሕ ውኃ ውስጥ ማደር አለበት፤ የፈላ ውኃ ቅርጹን ስለሚያጣምም አይገባበትም።

ሁለተኛው ብሪጅ ወይም ድልድይ የሚባለው ቋሚ መተኪያ ነው። በክፍተቱ ግራና ቀኝ ያሉት ጥርሶች ተሞርደው ክራውን የሚባል ሽፋን ይደረግባቸዋል፣ ተተኪውም ጥርስ በመካከላቸው እንደ ድልድይ ይንጠለጠላል። ጥንካሬውና መልኩ ጥሩ ነው፤ ጤነኛ ጎረቤት ጥርሶችን ማስሞረዱ ግን ጉዳቱ በመሆኑ፣ ጎረቤቶቹ በፊትም የተጎዱ ሲሆኑ ይበልጥ ተገቢ ይሆናል።

ሦስተኛው ኢምፕላንት ሲሆን፣ በአጥንቱ ውስጥ ከቲታኒየም የተሠራ ብሎን መሰል ሥር ተተክሎ ከላዩ ጥርስ የሚገጠምበት ዘዴ ነው። የዚህ ዘዴ መሠረት የተጣለው ስዊድናዊው ሐኪም ፔር ኢንግቫር ብሮኔማርክ እ.ኤ.አ. በ1952 በጥንቸል አጥንት ላይ ምርምር ሲያካሂድ ቲታኒየምና ሕያው አጥንት ተዋሕደው ሊለያዩ አለመቻላቸውን በማስተዋሉ ነው። እ.ኤ.አ. በ1965 በዚህ ዘዴ ጥርስ የተተከለለት የመጀመሪያው ሰው በ2006 ሕይወቱ እስክታልፍ ድረስ ከ40 ዓመት በላይ ተገልግሎበታል። ኢምፕላንት የማላመጥን ኃይል ወደ አጥንቱ ስለሚያደርስ አጥንቱን በማቆየት ከሌሎቹ ይሻላል፤ ሆኖም የሚተከልበት በቂ አጥንት ይፈልጋል፣ ዋጋውም ከፍተኛ ነው። ዕድገታቸውን ላልጨረሱ ልጆች አይደረግም፤ ሲጋራ ለሚያጨሱና የስኳር በሽታቸውን ላልተቆጣጠሩ ሰዎችም የመሳካቱ ዕድል ያነሰ ነው።

«በጊዜ መተካት» ማለት ግን በተነቀለ ዕለት ቋሚውን ጥርስ ማስገጠም ማለት አይደለም። በነቀላው ጉድጓድ የሚረጋው ደም የፈውሱ መሠረት በመሆኑ በመጀመሪያው ቀን መጉመጥመጥ፣ ማጨስና አረቄ በአፍ መያዝ ክልክል ነው። ድዱ በሳምንታት ውስጥ ሲዘጋ አጥንቱ ቅርጹን እስኪይዝ ሦስት ወራትና ከዚያም በላይ ይወስዳል፤ በዚህ ምክንያት ቋሚ ብሪጅ ብዙ ጊዜ የሚሠራው ከዚህ ጊዜ በኋላ ነው። በመካከሉ ግን ጊዜያዊ ተነቃይ ጥርስ ክፍተቱን ይዞ ጎረቤቶቹንና ትይዩውን በቦታቸው ያቆያል። ኢምፕላንት ለማስተከል ያሰበ ሰው ደግሞ ከነቀላው በፊት ሐሳቡን ከተናገረ፣ ሐኪሙ አጥንቱን ሳይሰብር በጥንቃቄ መንቀልና እንደ ሁኔታው ጉድጓዱን በአጥንት ማዳበሪያ መሙላት ይችላል። ስለዚህ መፍጠን ያለበት ከሥራው በፊት ውሳኔው ነው።

ሁሉም ክፍተት ይሞላ ይሆን?

ሁሉም የጠፋ ጥርስ መተካት አለበት ማለት ደግሞ እውነቱን ማጋነን ይሆናል። የአእምሮ ጥርስ የሚባሉት የመጨረሻዎቹ መንጋጋዎች ሲነቀሉ አብዛኛውን ጊዜ አይተኩም። የዓለም ጤና ድርጅት ሰው ዕድሜውን በሙሉ ቢያንስ 20 የተፈጥሮ ጥርሶች ይዞ እንዲቆይ ግብ አድርጎ የያዘው፣ በተመጣጠነ ሁኔታ ትይዩ የሚገናኙ 10 ጥንድ ጥርሶች ለማላመጥ የሚበቁ በመሆናቸው ነው፤ ጃፓንም እ.ኤ.አ. በ1989 ዜጎቿ 80 ዓመት ሲሞላቸው 20 ጥርስ እንዲኖራቸው አገር አቀፍ ዘመቻ ጀምራ ነበር። በአንዳንድ ሰዎችም ክፍተቱ ለዓመታት ብዙም ሳይለወጥ ሊቆይ ይችላል። የማን ክፍተት እንደሚቆይ፣ የማን ደግሞ እንደሚባባስ የሚለየው ግን በምርመራና በክትትል እንጂ በግምት አይደለም፤ «አይተካ» የሚለውም ውሳኔ ሆኖ ከሐኪም ጋር ሊደረስበት ይገባል እንጂ በመርሳት የሚመጣ መሆን የለበትም።

ጉዳዩ የጥቂቶችም አይደለም። የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2022 ባወጣው ዘገባ መሠረት 3.5 ቢሊዮን የሚሆኑ ሰዎች የአፍ ውስጥ በሽታ አለባቸው፣ 60 ዓመትና ከዚያ በላይ ከሆናቸው ሰዎች ውስጥም 23 በመቶ ገደማ ጥርሳቸውን በሙሉ አጥተዋል። በኢትዮጵያ የጥርስ ሐኪሞችን በጎንደር፣ በጅማና በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲዎች ማሠልጠን መቻሉ ተስፋ የሚሰጥ ቢሆንም፣ ከከተማ ርቆ ለሚኖር ገበሬ የሚቀርበው አገልግሎት አሁንም በአመዛኙ ማስታገሻና ነቀላ ነው። ለአማኑኤልና ለአካባቢዋ ነዋሪ ደብረ ማርቆስ በአውራ ጎዳናው ላይ ቅርብ ናት፤ ያም ሆኖ ጉዞው፣ የሥራ ቀን መፍታቱና ወጪው ሲደመሩ ነገሩን «ከአዝመራ በኋላ» ወደሚል ቀጠሮ ይገፋሉ። ሆኖም ነቀላው በመስከረም ቢሆንና ውሳኔው ለጥር ቢተላለፍ፣ አጥንቱ ከሚሟሟው ውስጥ አብዛኛው በመካከሉ አልፏል። ገንዘብ ያልተመቸው ሰውም ቢሆን በመጀመሪያዎቹ ወራት የሚያሠራው አነስተኛ ተነቃይ ጥርስ፣ የነገውን የተሻለ መተኪያ ቦታ የሚጠብቅለት ነው። ፈቃድ ከሌለው ሰው ጥርስ ማስገጠም ግን ከክፍተቱ የባሰ ጉዳት ሊያስከትል ስለሚችል መወገድ አለበት።

እንግዲህ ለነቀላ በወንበር ላይ የተቀመጠ ሰው አፉን ከመክፈቱ በፊት ሁለት ነገሮችን መጠየቅ ይገባዋል። የመጀመሪያው «ይህ ጥርስ ሳይነቀል የሚድንበት መንገድ የለምን?» የሚለው ነው፤ ምክንያቱም በሙሌት ወይም በሥር ሕክምና የተረፈ ጥርስ ምንም ተተኪ አያሻውም። ሁለተኛው «ከተነቀለ በኋላ ቦታው ምን ይሆናል፣ መቼስ ልመለስ?» የሚለው ነው። እነዚህን ሁለት ጥያቄዎች መጠየቅ ገንዘብ አያስወጣም፤ ሕመሙ ካለፈና አጥንቱ ከጎደለ በኋላ ቢጠየቁ ግን መልሳቸው ሁልጊዜ የጠበበና የከበደ ይሆናል።